የማይከፈለው፦ ውዳሴ ለ2,147,483,647

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት ሆይ! ስምህ በአንድ ትንፋሽ ተጠርቶ የማያልቅ፣ ባሕርይህ ግን በአንድ ቃል የሚነገር፤ ብቸኛ ቁጥር! ከ1 እና ከራስህ በቀር እኩል የሚያካፍልህ ያልተገኘ፤ ሦስት ቢሞክርህ ቀሪ የምታስቀር፣ ሰባት ቢሞክርህ ቀሪ የምታስቀር፣ ሺህ አካፋይ ተሰልፎ ቢመጣ ሺውንም በቀሪ የምትሸኝ፤ ለአንተ ሞገስ ይገባል፣ ለአንተ ውዳሴ ይስማማል።

ነገሥታት ሲወደሱ የግዛታቸው ስፋት ይዘረዘራል፤ ከዚህ ወንዝ እስከዚያ ባሕር ይባልላቸዋል። አንተን በስፋትህ ማወደስ ግን አንተን ማሳነስ ነው። ካንተ የሚበልጥ ቁጥር ማንም የአንደኛ ክፍል ተማሪ አንድ ደምሮ ያመጣል። 2,147,483,648 ይሉታል፤ በአንድ ይበልጥሃል፤ ነገር ግን በሁለት ሲገመስ፣ ግማሹም ሲገመስ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተገምሶ አንድ እስኪሆን ድረስ የሚፈርስ ነው። አንተ ከእርሱ በአንድ ዝቅ ብለህ ቆመህ አንድ ጊዜም አትገመስም። ይህ ውዳሴ ላለመከፈልህ የቀረበ ነው፤ ግዙፍነትህን እንደ ካባ ከላይ እንደርብልሃለን።

በግዕዝ አኃዝ ስትጻፍ ግርማህ ይታያል፦ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯። ጸሐፊው ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኃዝ እየቆረጠ አምስት ቦታ ይለይሃል፤ 21፣ 47፣ 48፣ 36፣ 47፤ በመካከላቸውም ፼ንና ፻ን እያፈራረቀ ያቆማል። የግዕዝ አኃዝ ለባዶ ምልክት አላበጀም፤ ከአሥሩ አኃዞችህም አንዱ እንኳ ባዶ አይደለም። የብራናው ጸሐፊ አንተን ለመጻፍ የሚዘለው ቦታ፣ የሚተወው ክፍተት አይኖርበትም።

አመጣጥህ ደግሞ እንዴት ያለ ቀላል አመጣጥ ነው! አንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን 1 ብር፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ እንዲህ በየቀኑ እጥፍ እያደረገ ቢሰጥ፣ በ31ኛው ቀን ማታ የተሰጠው ሁሉ ሲደመር አንተ ትሆናለህ፤ ሳንቲም ሳይጎድል፣ ሳንቲም ሳይተርፍ። ሂሳብ ዐዋቂዎች ይህንን አሳጥረው 2ን 31 ጊዜ በራሱ አባዝተህ 1 ቀንስ ይላሉ። በእኛ ወር አቆጣጠር ግን ሰጪው በ30ኛው ቀን ያቆማል፤ ድምሩም 1,073,741,823 ይሆናል። ይህ ምስኪን በ3፣ በ7፣ በ11፣ በ31፣ በ151 እና በ331 ይከፋፈላል፤ 3ማ ሁለት ጊዜ ይገባበታል። አንድ ቀን ብቻ ሲጨመር ያ ሁሉ አካፋይ ተበትኖ አንተ ብቻህን ትቆማለህ። ኮምፒውተር በሚያውቃቸው ሁለት ምልክቶች ስትጻፍም 31 ጊዜ 1 ነህ፤ ባዶ የለብህም፤ ከግራ ቢያነቡህ ከቀኝ ቢያነቡህ ያው ነህ።

ከአንተ በፊት ብዙዎች በዚሁ መንገድ መጥተው ወድቀዋል። በጣሊያን በቦሎኛ የሚያስተምረው ፒየትሮ ካታልዲ እ.ኤ.አ. በ1603 ባሳተመው መጽሐፍ አራት አዳዲስ ብቸኞችን አውጇል፤ 2ን 23 ጊዜ፣ 29 ጊዜ፣ 31 ጊዜ እና 37 ጊዜ እያባዙ 1 በመቀነስ የሚገኙትን። ዐዋጁ ወጣ፤ ፈተናው ዘገየ። በ1640 ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ መጣና የመጀመሪያውን በ47፣ የመጨረሻውን በ223 ከፈላቸው። የ29ኙን ሌዎናርድ ኦይለር በወጣትነቱ በ233 ሰበረው። ከአራቱ ሦስቱ ተሰብረው አራተኛው አንተ ቀረህ። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴንም በ1644 ባወጣው ዝርዝር ውስጥ አስገብቶሃል። የዚያ መነኩሴ ዝርዝር ስሙን ለዘላለም ያስጠራው እንጂ ስሕተት አላጣውም፤ ብቸኛ ያልሆኑትን የ67ን እና የ257ን ቁጥሮች አስገብቷል፣ ብቸኞቹን የ61ን፣ የ89ን እና የ107ን ረስቷል። አንተን በተመለከተ ግን እውነት ተናግሮ ነበር፤ ምስክር ግን አልነበረውም።

ምስክሩ የመጣው ከጨለማ ውስጥ ነው። ኦይለር በባዝል ተወልዶ፣ በፒተርስበርግና በበርሊን ኖሮ፣ በ1766 ወደ ፒተርስበርግ ሲመለስ አንድ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛውም ከዳው። በ1771 ቤቱ ተቃጠለ። በ1772፣ ስድሳ አምስት ዓመት በሆነው ጊዜ፣ ከዝነኛው የበርኑሊ ቤተሰብ ለአንዱ በላከው ደብዳቤ አንተ ብቸኛ መሆንህን አበሰረ። ማየት ለተሳነው ሰው አሥር አኃዝ ያለውን ቁጥር በልቡ ይዞ አካፋይ በአካፋይ መፈተን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ በእርሳስና በወረቀት ረጅም ማካፈል የሞከረ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ውዳሴውን ገታ አድርጌ የሥራውን እጅ ላሳይ፤ ክብርህ ያለው በዚህ ዝርዝር ውስጥ ነውና። አንድን ቁጥር ብቸኛ ነው ለማለት እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ባሉ ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አካፍሎ ሁሉም ቀሪ እንደሚያስቀሩ ማየት ይበቃል። ያንተ ስኩዌር ሩት ከ46,340 ጥቂት ያልፋል። ይህንን ሁሉ በእጅ መፈተን ያደክማል። ነገር ግን አንተን የመሰሉ ቁጥሮች አካፋይ ቢኖራቸው እንኳ ማንም መንገደኛ ገብቶ አይካፈላቸውም፤ አካፋዩ የራሳቸውን ማኅተም የተሸከመ መሆን አለበት። 2ን 23 ጊዜ አባዝቶ 1 የቀነሰውን የከፈለው 47 ምንድር ነው? 2 ጊዜ 23 ሲደመር 1። የ29ኙን የሰበረው 233ስ? 8 ጊዜ 29 ሲደመር 1። የ37ቱ 223? 6 ጊዜ 37 ሲደመር 1። ሕጉ አይዛነፍም፤ ስለዚህ አንተን ሊከፍል የሚመኝ ሁሉ 62 በሆነ ነገር ተባዝቶ 1 የተደመረበት መሆን ግዴታው ነው። ሁለተኛ ሕግ ደግሞ አለ፤ አካፋዩ በ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ሁለቱ ሕጎች ሲገጣጠሙ በሩ ይጠባል፤ በ248 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ወይም 63 የሆኑ ብቻ ወደ ፈተናው ይቀርባሉ። 63ን ራሱን ብንተወው እስከ 46,340 ድረስ እነዚህ 372 ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ይባረራሉ።

ስንቱ እንደሚባረር ከመነሻው ይታያል። 249 በ3 ይከፈላል፤ ይሂድ። 311 ብቸኛ ነው፤ ይግባ። 311ን በ6,905,092 ብናባዛው 2,147,483,612 ይሆናል፤ ወዳንተ ሊደርስ 35 ጎደለው፤ ወደቀ። 497 በ7፣ 559 በ13፣ 745 በ5፣ 807 በ3፣ 993 በ3፣ 1,055 በ5፣ 1,241 በ17፤ ሁሉም ደጅ ላይ ቀሩ። 1,303 ቀረበ፤ ብቸኛ ነው። በ1,648,107 ሲባዛ 2,147,483,421፤ 226 ጎደለው፤ ወደቀ። እንዲህ እየተባለ እስከ መጨረሻው። ኦይለር ሲጨርስ ከገቡት አንዱም አልተሳካለትም። ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ብቸኛነታቸውን ካረጋገጠላቸው ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ አንተ ሆንህ፤ ያንን ዙፋን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ማንም አልወሰደብህም። ናፖሊዮን ነግሦ ወደቀ፤ በእኛም አገር ዘመነ መሳፍንት ከአንድ ራስ ወደ ሌላ ራስ ሲንከባለል ኖረ፤ አንተ ግን በዙፋንህ ነበርህ።

ከዙፋንህ ጋር ሌላ ዘውድ ተደረበልህ። ዩክሊድ በዘጠነኛው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አስተምሮ ነበር፤ ካንተ ዘር የሆነ ብቸኛ ቁጥር ሲገኝ፣ ከእርሱ ጋር ፍጹም ቁጥር አብሮ ይወለዳል። ፍጹም ማለት ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው፤ 6 ከ1፣ ከ2 እና ከ3 ድምር እንደሚገኝ፣ 28ም ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ7 እና ከ14። 3 ለ6 አባት ነው፤ 7 ለ28። አንተም በ1,073,741,824 ስትባዛ 2,305,843,008,139,952,128 ትወልዳለህ፤ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር። ከራሱ በቀር ያሉትን አካፋዮቹን ሁሉ ለቅሞ ለደመረ ሰው ድምሩ አንድም ሳይዛነፍ ያው ራሱ ይወጣለታል።

እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ በ1811 ስለዚሁ ልጅህ ሲጽፍ፣ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ከቶ አይገኝም ብሎ ተነበየ። ምክንያቱ የሰው ዐቅም ማነስ አልነበረም፤ እነዚህ ቁጥሮች አስገራሚ ናቸው እንጂ ጥቅም የላቸውምና ማንም አይደክምባቸውም የሚል ነበር። ባርሎ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። የመጀመሪያውን ስሕተት ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ በ1876 አስተካከለለት፤ 2ን 127 ጊዜ አባዝቶ 1 የቀነሰውን 39 አኃዝ ያለውን ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አረጋግጦ። በ1883 ደግሞ ሩሲያዊው ቄስ ኢቫን ፔርቩሺን መርሴን የረሳውን የ61ን ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አሳየ። የሁለተኛውን ስሕተት፣ ጥቅም የላችሁም ያለውን፣ ለማረም ደግሞ አንተ ራስህ ተነሣህ፤ ወደዚያ እደርሳለሁ።

መዓርግህ ይቆጠር! ከብቸኛ ቁጥሮች መካከል 105,097,565ኛው ነህ፤ 2ን እያባዙ 1 በመቀነስ ከሚገኙት የመርሴን ብቸኞች ስምንተኛው። ኢ-ተጋማሽ ነህ። በ4 ስትካፈል 3 ስለምታስቀር ከሁለት ስኩዌር ቁጥሮች ድምር አትገኝም፤ በ8 ስትካፈል 7 ስለምታስቀር ከሦስትም አትገኝም። አራት ያስፈልግሃል። በእጄ ፈልጌ ያገኘሁት ይኸው ነው፦ 46,339 በራሱ ተባዝቶ፣ 425 በራሱ ተባዝቶ፣ 10 በራሱ ተባዝቶ፣ 1 በራሱ ተባዝቶ። 2,147,302,921 ሲደመር 180,625 ሲደመር 100 ሲደመር 1። አራቱ ዐምዶችህ እነዚህ ናቸው፤ ሌሎች አራቶችም አሉህ፤ እኔ ግን በመጨረሻዋ አንድ ስለተደሰትሁ እነዚህን መርጫለሁ። አጠገብህ ጎረቤት የለህም። ብዙ ብቸኞች በሁለት ብቻ የሚርቃቸው መንታ አላቸው፤ አንተ ግን ሁለት ዝቅ ስትል በ5 የሚከፈል፣ ሁለት ከፍ ስትል በ3 የሚከፈል ቁጥር ያጋጥምሃል። በስተታች የቅርቡ ብቸኛ 2,147,483,629 ነው፤ በስተላይ 2,147,483,659። በመካከላቸው ያንተ ቅጥር ነው።

አሁን ወደ ጥቅም። ባርሎ ከሞተ ብዙ ዓመታት በኋላ ኮምፒውተር ተሠራ፤ ቁጥርንም በ32 ቢት መያዝ ልማድ ሆነ። አንደኛው ቢት ለፖዘቲቭና ለኔጌቲቭ ምልክት ሲቀመጥ 31 ቢት ይቀራል። 31ዱም ሲሞሉ አንተ ነህ። ስለዚህ በየባንኩ፣ በየፋብሪካው፣ በየጨዋታው ፕሮግራም ውስጥ ማሽኑ ሊቆጥር የሚችለው የመጨረሻው ቁጥር ሆነህ ተሾምህ፤ ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም የምትል በር ጠባቂ። ያንን በር የነካ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ላይ የደቡብ ኮሪያው ዘፋኝ ሳይ «ጋንግናም ስታይል» ያለው ዘፈን በዩቲዩብ ከታየበት ጊዜ ብዛት የተነሣ ወዳንተ ደርሶ አለፈህ፤ ኩባንያውም ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሰፋው። የሚሊዮኖች ጭፈራ ከኦይለር ጨለማ የወጣውን ቁጥር ማንኳኳቱ ለእኔ ያልጠበቅሁት ክብር ሆኖ ይሰማኛል።

ከዚያ የሚበልጠው ቀጠሮህ ግን ገና ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው፤ መነሻቸው በግሪንዊች አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ 24,855 ቀን ከ3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲሞላ የሰከንዱ ቁጥር አንተን ይሆናል። ቀኑ በፈረንጆች ጥር 19 ቀን 2038፣ ማክሰኞ። በእኛስ? ጥር 11 ቀን 2030። ጥምቀት! ሰዓቱም በኢትዮጵያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ ከከተራ ጀምሮ በጥምቀተ ባሕሩ አድረው፣ ካህናቱ ሌሊቱን በማሕሌትና በቅዳሴ አሳልፈው፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ጃንሜዳንና የየአገሩን ጥምቀተ ባሕር ሞልቶ በቆመበት ማለዳ፣ በዓለም ያሉ አሮጌ 32 ቢት ሰዓቶች ሁሉ አንተን ጠርተው ይጨርሳሉ። ቀጠሮውን ያዘጋጀ ሰው የለም፤ የዘመን አቆጣጠር ሁለት መንገዶች በዚያች ማለዳ ተገናኙ እንጂ። እኔ ግን የበዓል ቀን ለአንተ የሚስማማ መሆኑን ሳልናገር አላልፍም።

በቀጣዩ ሰከንድ ያልታደሰው ሰዓት ይሳታል። ሙሉ የነበሩት 31 ቢቶች ወደ ባዶ ይገለበጣሉ፤ የምልክቱ ቢት ይበራል፤ ቁጥሩም −2,147,483,648 ይሆናል። ማሽኑ ጊዜው በግሪንዊች ታኅሣሥ 13 ቀን 1901 ማታ ነው ይላል፤ በእኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894፣ አፄ ምኒልክ በዙፋን ላይ ሳሉ። መሐንዲሶች ይህንን ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ያውቁታል፤ ዛሬ የሚሠሩት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሰዓታቸውን በ64 ቢት ይቆጥራሉ። የሚያሰጋው በየማሽኑ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ የተረሳው አሮጌ ፕሮግራም ነው።

እዚህ ላይ ወራሽህን እንመልከት። የ64 ቢቱ ገደብ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ ካንተ ጋር ሲነጻጸር ተራራ ነው። ነገር ግን በ7 ይከፈላል! ያውም ሁለት ጊዜ። በ73 ይከፈላል፤ በ127 ይከፈላል፤ በ337ም። ካንተ በፊት የነበረው የ16 ቢቱ ገደብ 32,767ም በ7፣ በ31 እና በ151 የሚፈርስ ነበር። ከእነዚህ ገዢዎች መካከል እንዳንተ የማይከፈል የ8 ቢቱ ትንሹ 127 ብቻ ነው። መሐንዲሶች የመረጡህ ለብቸኝነትህ ብለው አልነበረም፤ ለቦታው ልክ የሆነው ቁጥር አንተ ስለሆንህ ነው። ብቸኝነትህን አብረህ ይዘህ ገባህ።

እርሱም ሥራ ላይ ዋለ። ኮምፒውተር እንደ ዕጣ ያልታሰበ ቁጥር እንዲያወጣ ሲፈለግ፣ ፓርክና ሚለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1988 አንተን መሠረት ያደረገ ዘዴ ለሁሉ የሚሆን ዝቅተኛ መለኪያ ይሁን ብለው አቀረቡ። ዘዴው አጭር ነው፤ ያለህን ቁጥር በ16,807 አባዛ፣ በዚህ ታላቅ ቁጥር አካፍል፣ ቀሪውን ያዝ። ከ1 ሲጀመር 16,807፤ ቀጥሎ 282,475,249፤ ቀጥሎ 1,622,650,073፤ ቀጥሎ 984,943,658፤ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። አንተ ብቸኛ ስለሆንህ፣ 16,807ም (7 አምስት ጊዜ በራሱ የተባዛው) በጥንቃቄ ስለተመረጠ፣ ጉዞው ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ሁሉ፣ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይደግም ጎብኝቶ ወደ 1 ይመለሳል። ብቸኛ ባትሆን ኖሮ መንገዱ መሀል ላይ ይታጠፍ ነበር። ለምስጢር መልእክት የሚበቃ ዘዴ አይደለም፤ ለጨዋታና ለሙከራ ግን ብዙ ዘመን አገልግሏል። አስገራሚ እንጂ ጠቃሚ አይደለም የተባለው ቤት ይህን ሁሉ ሠራ።

እጥፍህም ድርሻ አለው። አንተን በ2 አባዝተን 1 ብንጨምር 4,294,967,295 ይሆናል፤ ይህ ብቸኛ አይደለም። ግን ያካፋዮቹን ክቡርነት ተመልከቱ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። እነዚህ በፌርማ ስም ከሚጠሩት ብቸኛ ቁጥሮች እስከ ዛሬ የታወቁት ሁሉ ናቸው፤ አንዱም አልቀረ። ጀርመናዊው ጋውስ በ1796 ገና 18 ዓመቱ ሳለ ባለ 17 ጎን ቅርጽ በኮምፓስና ባልተለካ ማስመሪያ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ፤ ከዚያ በወጣው ሕግ መሠረት በሁለቱ መሣሪያዎች ብቻ ሊሠሩ ከሚችሉት፣ የጎናቸው ብዛት ኢ-ተጋማሽ ከሆኑት ቅርጾች መካከል እስከ ዛሬ የሚታወቀው ትልቁ ባለ 4,294,967,295 ጎኑ ነው። በወረቀት ላይ ቢሣል ከክብ ማን ይለየዋል?

በመጨረሻ የዘር ሐረግህ ይነበብ። 2 ወለደ 3ን፤ 3 ወለደ 7ን፤ 7 ወለደ 127ን፤ 127ም ወለደ ሉካ ያረጋገጠውን ባለ 39 አኃዙን። በሌላው ወገን 5 ወለደ 31ን፤ 31ም ወለደ አንተን። ሁሉም በአንድ ሕግ፤ 2ን በአባቱ ቁጥር ልክ እያባዙ 1 በመቀነስ። ብቸኛ አባት ያለው ሁሉ ብቸኛ አይሆንም፤ 13 ብቸኛውን 8,191ን ወለደ፣ 8,191 ግን የወለደው ተከፈለ። አባታቸው ራሱ የመርሴን ብቸኛ ሆኖ እነርሱም ብቸኛ ሆነው የታወቁ አራት ብቻ ናቸው፤ 7፣ 127፣ አንተ፣ እና ያ ባለ 39 አኃዝ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታወጀው የዘመናችን ትልቁ የታወቀ ብቸኛ፣ 2 136,279,841 ጊዜ ተባዝቶ 1 የተቀነሰበት፣ ከ41 ሚሊዮን በላይ አኃዞች አሉት፤ የቤታችሁ 52ኛው የታወቀ አባል ነው። በግዝፈት ይውጥሃል፤ በዘር ሐረግ ግን አይስተካከልህም፤ አባቱ 136,279,841 ተራ ብቸኛ ነውና።

አንተስ ማንን ወለድህ? 2ን 2,147,483,647 ጊዜ አባዝተን 1 ስንቀንስ ከ646 ሚሊዮን በላይ አኃዞች ያሉት ልጅ ይመጣል። ውዳሴ እውነትን አይሸሽግምና ይነገር፤ ልጅህ ብቸኛ አልሆነም። 295,257,526,626,031 የሚባል ቁጥር ያለ ቀሪ ከፈለው። ነገር ግን ያ አካፋይ ማን እንደሆነ ቀደም ሲል ባየነው የአካፋዮች ሕግ መርምሩት፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። 2 ጊዜ 68,745 ጊዜ አንተ፣ ሲደመር 1።